ለሌባው ለምን እንጨነቃለን?



ውድ አድማጮቻችን፣ የዝርፊያ ፊልም ሲታይ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ዘበኛው ዞር ሲል «ቶሎ በል!» እያለ ሌባውን የሚያጣድፍ አባወራ ታዝበናል። ከመስጂድ ደጅ ጫማው ሲሰረቅ ሰፈሩን ያመሰው እሱው ነው!

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውን «ቶፕካፒ» እንመልከት። ሌቦቹ የተመኙት በኢስታንቡሉ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘውን፣ በኤመራልድ ያጌጠውን የሱልጣን ጩቤ ነው። ወለሉ ከተነካ ደወል ስለሚጮኽ አንዱ ከጣራ በገመድ ይወርዳል። ይኸው ዳይሬክተር፣ ጁልስ ዳሲን፣ በ1955 በሠራው «ሪፊፊ»ም ዝርፊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ ይካሄዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የምናየው ትዕግሥት፣ የእጅ ሙያና መተባበር ነው፤ ልጆቻችንን ጧት ማታ የምንመክራቸው ነገሮች! ታዲያ ልባችን ቢሸፍት ምን ይገርማል? የንብረቱ ባለቤት ደግሞ ብዙም አይታይም። ቢታይም እንደ 2001ዱ «ኦሽንስ ኢለቨን» የማናዝንለት የቁማር ቤት ከበርቴ ይሆናል።

በ«ቶፕካፒ» ሌቦቹን ያጋለጠቻቸው በመስኮት ገብታ ወለሉን የነካች አንዲት ወፍ ናት። በእኛ ቤት ልጆቹ የተቆጡት በወፏ ነበር።