የአልጋ ዋጋ መውረድና የድሬዳዋ ሆቴሎች
(ለሆቴል ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



የሆቴል ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ባለሱቅ ዛሬ ያልሸጠውን ጨርቅ ነገ ይሸጠዋል፤ የእህል ነጋዴም ገበያው እስኪቃና ድረስ ጎተራውን ዘግቶ ይጠብቃል። ዛሬ ማታ ባዶውን ያደረ አልጋ ግን ለነገ አይተላለፍም፤ የዚያች ሌሊት ዋጋ ቀርቷል። ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ባለሆቴሉ ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋ ለመቀነስ የሚጣደፈውም ስለዚህ ነው። ይህ አካሄድ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ ባለቤቱን ራሱን እንደሚበላው ለመረዳት የድሬዳዋ ታሪክ በቂ ትምህርት ይሰጣል።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ በቆላው በኩል ተዘርግቶ በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ከተማይቱም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን ባቡሩ ለብዙ ዘመን በሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ማደር ግድ ሆነበት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ባለሆቴሎች፣ ከእነርሱም መካከል ግሪኮች ይገኙበታል፣ እንግዳ ፍለጋ የሚወጡበት ምክንያት አልነበረም። የባቡሩ የጊዜ ሠሌዳ እንግዳውን እስከ በራቸው ያመጣላቸው ነበር።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በሌላ ሰው የጊዜ ሠሌዳ የሚኖር ሆቴል ሠሌዳው ሲለወጥ አብሮ ይወድቃል። ባቡሩ ፈጥኖ በሌሊትም መጓዝ ሲጀምር የግዴታው ማደር ቀረ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረ ጊዜ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከተማይቱም ራሷ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተጠቅታ ጥቃቱን መልሳለች። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ ከአሰብ ወደ ጂቡቲ ቢዞርም ከባድ መኪናው በአብዛኛው በሚሌና በገላፊ በኩል ያልፍ ስለነበር ድሬዳዋን አልነካም። አሮጌው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን የሠራው ከከተማው ውጭ ነው፤ ከባቡር ወርዶ ሻንጣውን በእጁ ይዞ ከዚራ የሚገባው እንግዳ በዚሁ ቀረ ማለት ይቻላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን ሲገለጥ ደግሞ የቀረውም ጉዞ ተገታ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው የአሜሪካዋ የቁማር ከተማ ላስ ቬጋስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያች ከተማ የአንድ ክፍል አማካይ ዋጋ 132 ዶላር ገደማ ነበር፤ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ከደረሰ በኋላ በ2009 ወደ 93 ዶላር ወረደ። ዋጋው ከመቶ ሠላሳ እጅ ያህል ሲቀንስ የተያዙት ክፍሎች ግን ከመቶ 90 ገደማ ወደ 81 ገደማ ብቻ ነው የወረዱት። ይህን የሰማ ሰው «ዋጋ መቀነስ እንግዳ ያቆያል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ላስ ቬጋስ የሚሄደው ሰው የሚሄደው ለመዝናናት ነው፤ አልጋ ሲረክስ ያላሰበውን ጉዞ ሊያስብ ይችላል። ከዚህም በላይ ባለሆቴሉ በአልጋ ያጣውን በቁማር ጠረጴዛው ላይ ይመልሰዋል። አልጋው ለእርሱ ዓሣ የሚያጠምድበት መንጠቆ ነው።

የድሬዳዋ ባለሆቴል ምድር ቤት ውስጥ የቁማር ጠረጴዛ የለም። እንግዳውም ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ለስብሰባ የተላከ ሠራተኛ ወይም ዘመድ ጠያቂ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አልጋ ስለረከሰ አይመጣም፤ ጉዳይ ሲኖረው ይመጣል። በመሆኑም አንዱ ሆቴል ዋጋ ሲቀንስ የሚያገኘው አዲስ እንግዳ የጎረቤቱን እንግዳ ነው። ጎረቤቱም በሳምንቱ ይቀንሳል፤ ሁለቱም በነበሩበት ቁጥር፣ በአነሰ ገቢ ይቀጥላሉ።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አርባ ክፍል ያለው ሆቴል አንዱን ክፍል በ1,000 ብር እያከራየ ሃያው ይያዝለታል እንበል። ለአንሶላ እጥበት፣ ለውሃ፣ ለሳሙናና ለመብራት በአንድ እንግዳ 150 ብር ቢያወጣ ለሌላው ወጪ 17,000 ብር ይተርፈዋል። ዋጋውን ወደ 700 ብር ቢያወርድ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት 31 ክፍል መከራየት አለበት። አሥራ አንድ ተጨማሪ እንግዳ በቀዘቀዘ ገበያ ከየት ይመጣል? ካልመጣ ጉድለቱ የሚሞላው ከአልጋ አንጣፊዋና ከወጥ ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ነው፤ ቀጥሎም ከአንሶላው። የተቀደደ አንሶላ ያየ እንግዳ ደግሞ ዋጋው ወደ ቀድሞው ሲመለስ አብሮ አይመለስም።

ዋጋ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ምዕመን የድሬዳዋን አልጋዎች ይሞላል፤ ወለል ላይ ፍራሽ መዘርጋትም የተለመደ ነው። በእነዚህ ቀናት ዋጋ መጨመሩ የገበያ ሕግ ነው፣ ከልክ ማለፉ ግን ነውርም ኪሳራም ነው፤ ስለት ይዞ የመጣ ሰው የተበዘበዘበትን ሆቴል ስም ይዞ አገሩ ይገባልና። የቀረውን ዓመት በአብዛኛው የሚሸከመው የስብሰባ ተሳታፊ ነው። የዚህም እንግዳ ኪስ በቀን አበል ልክ የተሰፋ ስለሆነ ብዙ ባለሆቴሎች ዋጋቸውን የሚተምኑት የራሳቸውን ወጪ ቆጥረው ሳይሆን አበሉን አይተው ነው። ስብሰባው ሲቀር የሚይዙትን ያጣሉ።

እንግዲህ እንግዳው የማይበዛ ከሆነ ሌሊቱን ማብዛት ይቻል እንደሆነ መመርመር ይገባል። ሐረር የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ጎብኚዋ የሚወርደው ድሬዳዋ ነው፤ ነገር ግን ከአውሮፕላን ወርዶ መኪና ይይዝና ወደ ጀጎል ይወጣል። በመንገዱም አቅራቢያ ሐርላ አለች። ነዋሪዎቿ ስለ ጥንት ግዙፋን ሰዎች ሲተርኩባት የኖረችው ይህች መንደር በቅርብ ዓመታት በተደረገው ቁፋሮ የመካከለኛው ዘመን የንግድ ከተማ እንደነበረች ታውቋል። በ2009 ዓ.ም. በተነገረው መሠረት የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ሥፍራ፣ ከግብፅ የመጣ ገንዘብ፣ ከቻይና፣ ከሕንድና ከየመን የመጣ ዕቃ ተገኝቶባታል። ለጋ ኦዳና ፖርክ ኤፒክ የተባሉት ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎችም ሩቅ አይደሉም።

ሃያ እንግዶች ለአንድ ሌሊት መጥተው ሁለት ሌሊት ቢያድሩ የአልጋው ገቢ ዋጋ ሳይነካ በእጥፍ ያድጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በየሆቴሉ የተለየ ወጪ አይደለም። ጥቂት ሆቴሎች ተባብረው አንድ መኪናና አንድ የሠለጠነ አስጎብኚ ቢይዙ፣ ከሐርላ ነዋሪዎችም ጋር ማን ምን እንደሚያሳይና ምን ያህል እንደሚከፈለው አስቀድመው ቢዋዋሉ ሥራው ይጀመራል። ጉዞው ግን በማለዳ መሆን አለበት፤ የድሬዳዋን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።