ጠመንጃው የት ነው የሚያድረው?
(በአረጋውያን ሞዓዶን ከተሰጠ ገለጻ)

እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ አማርኛዬ ከዕብራይስጥ ጋር ይደባለቅብኛል፤ መቼም ትታገሡኛላችሁ።

ስለ ትምህርት ቤት ደኅንነት እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። በሩ ላይ ሾሜር አለ፣ አጥርም አለ፤ እሱን ለባለሥራዎቹ እንተወው። እኔ ስለ ቤታችሁ ብናወራ ይሻለኛል።

ዓርብ ማታ ወታደሩ የልጅ ልጃችሁ ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል። ትስሙታላችሁ፣ ትመርቁታላችሁ፣ ዶሮው ይቀርባል። ጠመንጃውስ? ሶፋው ላይ? ከአልጋ ሥር? የሠራዊቱ ትእዛዝ፣ ወታደሩ መሣሪያውን ትቶ ሲወጣ በሁለት ቁልፍ እንዲቆለፍ ነው፤ የቤቱ በር አንድ፣ ቁም ሣጥኑ ሁለት። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ደግሞ ቦታው ካዝና ነው። የካዝናው ቁጥር የትንሹ ልጅ የልደት ቀን ከሆነ ግን ካዝና አይባልም። ቁልፍ የት እንደሚደበቅ እናንተ ባታውቁ እንኳ የአሥር ዓመቱ ልጅ ያውቃል።

«በአገር ቤት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው» ትሉኛላችሁ። አያቴም እንዲሁ ይሉኛል። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2006 ሠራዊቱ ብዙ ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ እንዲተዉ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወታደሮች ቁጥር 40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ የቀነሰውም በአብዛኛው በሰንበት ቀናት ነው። የልጆቹ ጭንቀት ስለጠፋ አይደለም እኮ። ክፉዋ ሰዓት ስትመጣ መሣሪያው አጠገባቸው አልነበረም፣ ሰዓቷም አለፈች።

ቢላስ? ቢላ ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ ፈሪ ነው። አንድ ሰው ዝቶበታል፣ ወይም በዋትስአፕ ተሰድቧል። «ለመከላከያ ነው» ይላል። ሕጉ ግን ይህን ምክንያት በቀላሉ አይቀበልም፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ውጭ ቢላ መያዝ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፣ ልጅም ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በወንጀል ይጠየቃል። ስለዚህ ቦርሳው ውስጥ ቢላ ያገኘች አያት «ማን ነው ያስፈራህ ልጄ?» ብላ ብትጀምር ይሻላል። ጩኸቱ በኋላም ይደርሳል።

ዝም የምትሉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጉዱ እንዳይወጣ ነው። ፖሊስም ያስፈራል፤ በ2019 ቂርያት ሐይም ላይ የሆነውን ማን ይረሳል? እኛንም፣ የዌልፌሩን ሰዎች፣ «ልጅ ይወስዳሉ» ብላችሁ ትፈሩናላችሁ። በግልጽ ልናገር፤ ልጅ በአሳዳጊው ከተጎዳ ከ1989 ጀምሮ ባለው ሕግ የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ፣ ይህንን አልደብቃችሁም። ቦርሳ ውስጥ ቢላ ተገኘ ተብሎ ብቻ ግን ልጅ ከቤቱ አይወጣም። እንዲያውም ቀድማችሁ ስትመጡ ነው ብዙ መንገድ ያለን፦ ከትምህርት ቤቱ ዮዔጼት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ልጁን የዛተበትን መለየት፣ ሁለቱን ቤተሰብ ማገናኘት።

በዚህ በመጨረሻው ላይ እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሽምግልና መጽሐፍ ላይ ያለው ነው፤ እናንተ በአገር ቤት ደም ያስታረቃችሁ ሰዎች ናችሁ። የተጣሉት ሁለት ልጆች አያቶች ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ፣ ምናልባትም እዚሁ ሞዓዶን አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የእናንተ አንድ ስልክ የእኔን ሦስት ደብዳቤ ይቀድማል።

ልጅ አሁኑኑ ሽጉጥ ወይም ቢላ ይዞ ሊጎዳ ወይም ሊጎዳበት ከሆነ ግን ሽምግልናው ይቆይ፤ 100 ደውሉ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ «አማሪት» በሉና አድራሻውን ደጋግማችሁ ተናገሩ። ሌላውን ሁሉ ለእኔ በግል ንገሩኝ፣ ሰው ፊት መናገር የለባችሁም። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ እየጠጣን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።