የጉበት ካዝና እንዴት ይቈጠራል?



በወሩ መጨረሻ ከመሥሪያ ቤታችሁ ገንዘብ ያዥ ደመወዛችሁን ሳይጎድል ተቀብላችሁ ስትወጡ፤ በካዝናው ውስጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ቀረ ታውቃላችሁን? አታውቁም። ካዝናው ሞልቶ የተረፈ ቢሆን፤ ወይም የቀረው ለመጪው ወር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፤ እጃችሁ የገባው ደመወዝ ያው ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ካዝናው የተራቈተ ዕለት ነው። የሰው ጉበትም በቪታሚን ኤ ረገድ ከደም ጋር ያለው ሒሳብ እንደዚሁ ነው።

ቪታሚን ኤ ለዓይን ብርሃን፤ ለሕፃናት ዕድገትና በሽታን ለመቋቋም የሚያስፈልግ ነው። ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል፤ ይኸውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማየት የሚሳነው ሰው ሕመም ነው። ደኅና የሚመገብ ሰው ካለው ቪታሚን ኤ እጅግ የሚበዛው በጉበቱ ተከማችቶ ይኖራል። (ዱለት የምንወድ ሁሉ ከበጉ ካዝና ወጪ አድራጊዎች መሆናችንን ልብ በሉ።) ጉበት ከዚህ ክምችት እየቈረሰ ለደም ያቀብላል፤ የደሙንም መጠን በአንድ ደረጃ ለመጠበቅ ስለሚተጋ፤ ክምችቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ የደሙ መጠን አይወርድም። እንግዲህ ሐኪም ደማችሁን መርምሮ «ደኅና ነው» ቢላችሁ፤ ደመወዙን አየ እንጂ ካዝናውን አላየም።

ታዲያ ካዝናውን ለምን አይከፍቱትም? በመርፌ ከጉበት ጥቂት ሥጋ አውጥቶ መመርመር ትክክለኛው መንገድ ነው። ነገር ግን ደም ሊያፈስ ስለሚችል፤ ለጤነኛ ሰው፤ ይልቁንም ለሕፃን፤ አይደረግም። በአደጋ ከሞቱ ሰዎች ተወስዶ የተመረመረበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ለሞተ ሰው መድኃኒት የሚያዝለት የለም።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ብልሃት ፈለጉ። ቪታሚኑ ሲያልቅ ጉበት ተሸካሚውን ፕሮቲን እየሠራ፤ ጭነት እንደሚጠብቅ በቅሎ ያቆየዋል። ሰውዬው ደም ከተቀዳ በኋላ ጥቂት ቪታሚን ይሰጠዋል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ደሙ እንደ ገና ይቀዳል። በዚያን ጊዜ በደሙ ያለው ቪታሚን ከመቶ 20 እጅ በላይ ጨምሮ ቢገኝ፤ ጉበቱ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ይህ መንገድ ጉድለትን ይናገራል፤ ስለ ትርፍ ግን ዝም ይላል።

ሁለቱንም የሚናገረው ሌላው ነው። በጨለማ ጓዳ የቆመ እንስራ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ማየት ባትችሉ፤ የተለካ ጨው ጨምራችሁ፤ አማስላችሁ፤ አንድ ጭልፋ ብትቀምሱ፤ ጨው ከበዛበት ውሃው ጥቂት ነው፤ ካልታወቃችሁም ብዙ ነው። ሊቃውንቱም በጨው ፈንታ ከባድ ካርቦን ወይም ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ቪታሚን ኤ በዘይት ያጠጣሉ። ጨረር የሌለው ስለ ሆነ ሕፃንን አይጎዳም። ሁለት ሳምንት ያህል ከጉበቱ ክምችት ጋር እስኪዋሐድ ይጠብቁና ጥቂት ደም ይቀዳሉ፤ ምልክት ያለው ምን ያህል እንደ ቀጠነ ለክተው መላውን ክምችት ያሰላሉ።

ጥቅሙ በዛምቢያ ታየ። በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በስኳር ላይ ቪታሚን ኤ እንዲጨመር ተደርጓል፤ ሕፃናትም ካፕሱል ይቀበላሉ። በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የሕፃናቱ ጉበት በዚህ ዘዴ ቢለካ፤ የብዙዎቹ ክምችት ከሚገባው በላይ ሆኖ ተገኘ። በማንጎ ወራትም የአንዳንዶቹ ቈዳ ብርቱካን መልክ ያዘ። ትርፉ ሲበዛ ራሱን ጉበትን ይጎዳልና ነገሩ ቀላል አይደለም።

በእኛ አገር ካፕሱሉ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ ይሰጣል፤ ዳፍንት የሚያሰጋውን ልጅ ከዚህ መከልከል ስሕተት ነው። ነገር ግን ቪታሚኑ በዘይት፤ በሌላም ምግብ እንዲጨመር የሚጠይቅ ወረቀት በጠረጴዛችሁ ላይ ቢያልፍ፤ «የስንት ሕፃናት ጉበት ተለክቷል?» ብላችሁ በኅዳጉ ላይ ጻፉበት።