የሸክላ ሥራ መንገዱ ብዙ ነው

(በሸነን የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



የማኅበራችን የሥራ ኮሚቴ ለዛሬው ስብሰባ ሁለት ነገር ይዞ ቀርቧል። አንደኛው ስለ ሸክላ ሥራ ልዩ ልዩ መንገድ አጭር ገለጻ ነው። ሁለተኛው ከገለጻው የሚነሣ የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ እሱም ስለ አንድ የቆርቆሮ ጣራ ነው። ሸክላና ጣራ ምን አገናኛቸው የምትሉ አትጠፉም፤ እስቲ በትዕግሥት ተከታተሉን።

ከመካከላችን ዛሬ ጠዋት ቡና ያልጠጣ፣ እንጀራ ያልቀመሰ ይኖራል ብለን አናስብም። ቡናው የፈላው በሸክላ ጀበና ነው፤ እንጀራው የተጋገረው በሸክላ ምጣድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚጋገርም ቢሆን፣ የሚግለው ሽቦ የተቀበረው በሸክላው ምጣድ ሥር በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ የአልሙኒየም ድስት የሸክላውን ድስት ከብዙ ቤት አስወጥቷል። ጀሪካን እንስራን ከእናቶቻችን ጀርባ አውርዷል፤ ለዚህስ ጀሪካንን ማመስገን ይገባል። ምጣድና ጀበና ግን አሁንም ቦታቸውን አልለቀቁም። አንዱ ቤት ምጣድ ይላል፣ ጎረቤቱ ኤሌ ይላል፤ አንዱ ድስት ይላል፣ ሌላው ኦኮቴ ይላል፤ እቃው አንድ ነው፣ የሠራችውም እጅ አንድ ናት።

ታዲያ ይህች እጅ ምን ታደርጋለች? ብዙዎቻችን ገበያ ላይ ያለቀለትን እቃ በጣታችን ኳ ኳ አድርገን፣ ድምፁን ሰምተን፣ ዋጋ ተከራክረን መግዛቱን እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን አናየውም። አፈሩ ይቆፈራል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ጠጠሩ ይለቀማል፤ በውኃ ይርሳል። ከዚያ የተሰበረ የሸክላ ገል ተፈጭቶ ይቀላቀልበትና ይቦካል። እቃው የሚሠራው ያለ መንኮራኩር በእጅ ነው። ሲጠነክር በድንጋይ ይታሻል፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በመጨረሻ በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ ሜዳ ላይ ይተኮሳል።

ገሉ ለምን ይገባል? በዚህ ውስጥ ትልቅ ዕውቀት አለ። እሳት ላይ የሚጣድ እቃ በአንድ በኩል ሲግል፣ በሌላው በኩል ቀዝቃዛ ስለሆነ አካሉ ይወጣጠራል። ቀድሞ እሳት ያየው ገል በጭቃው መካከል ሆኖ ያንን ውጥረት ይከፋፍላል፤ ስንጥቁም እንዳይስፋፋ ያግዳል። የሜዳ እሳት ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ጠንካራ ሳህን ግን ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «የኛዎቹ ኋላ ቀር ናቸው» ሊል ይችላል። እንደዚያ አይደለም! ያን ጠንካራ ሳህን ሦስት ጉልቻ ላይ ጣዱት፤ ወዲያው ይሰነጠቃል። የኛ ድስት ግን ያልተዘጋ ትንፋሽ አለው፤ እሳቱን ይችለዋል። ይኸው ትንፋሹ ነው የእንስራን ውኃ የሚያቀዘቅዘው፤ በግድግዳው የሚወጣው ላብ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለዚህም ነው አዲስ እቃ የሚሟሸው፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲሟሽ ፊቱ ይደፈንና እንጀራው ሳይዝ ይነሣል።

የቀይና የጥቁር ነገርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ጥቁሩ ጀበና ቀለም የተቀባ ይመስለዋል። አፈሩ ብረት አለበት። ሲተኮስ አየር በደንብ ካገኘ ብረቱ እንደ ዝገት ይቀላል። እቃው ገና እንደጋለ በገለባ ወይም በቅጠል ቢታፈን ግን አየር ያጣል፤ ጢሱም ውስጡ ድረስ ገብቶ ያጠቁረዋል። አፈሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሠሪዋ ውሳኔ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው፣ «ሸክላማ የድሮ ነገር ነው፤ ዓለም ጥሎት ሄዷል» ሲባል በየጊዜው ስለምንሰማ ነው። ዓለም ጥሎት አልሄደም። እንዲያውም በየአገሩ በስማቸው የሚታወቁ፣ የየራሳቸውን መንገድ የመረጡ ሸክላ ሠሪዎች አሉ። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

በናይጄሪያ ክዋሊ በምትባል መንደር ላዲ ክዋሊ የተባሉ ሴት ነበሩ። ሥራውን የተማሩት ከአክስታቸው ነው። ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ፣ እንስራውን መሬት ላይ አቁመው እነሱ ዙሪያውን እየዞሩ ይሠሩ ነበር። በላዩም የእንሽላሊት፣ የጊንጥና የዓሣ ሥዕል ይቀርጹበታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ማይክል ካርዲው የተባለ እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ፣ ያን ጊዜ አቡጃ ዛሬ ሱሌጃ በምትባለው ከተማ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋመ። የላዲ ክዋሊን እንስራዎች ያየው በአገሩ ገዥ ቤት ነበር። በ1954 ወደ ማሠልጠኛው ገቡ። እዚያም የመስተዋት ልባስና ከፍተኛ እሳት ተማሩ፤ የአክስታቸውን የእጅ ሥራ ግን አልጣሉም፤ ሁለቱን አገናኙ። በ1984 ሲያርፉ ስማቸው በብዙ አገር የታወቀ ነበር። ዛሬ ምስላቸው በናይጄሪያ የ20 ናይራ ብር ጀርባ ላይ ይገኛል። ልብ በሉ፤ እንስራ ሠሪ በመገበያያ ገንዘብ ላይ!

በዚሁ ማሠልጠኛ ከላዲ ክዋሊና ከባልደረቦቻቸው ከተማሩት መካከል በ1950 ናይሮቢ የተወለዱት ማግዳሊን ኦዱንዶ ይገኙበታል። እኚህ ሴት እንግሊዝ አገር ተምረዋል፤ የሚሠሩትም እዚያው ነው። ይሁንና መንኮራኩርም ሆነ የመስተዋት ልባስ አይጠቀሙም። በእጃቸው ይገነባሉ፤ በቅል ስባሪ ይፍቃሉ፤ በድንጋይ ያሻሉ። አንድ ጊዜ ሲተኩሱት ይቀላል፤ እንደገና አፍነው ሲተኩሱት ይጠቁራል። ይህ የኛ እናቶች የሚያውቁት ነገር አይደለም እንዴ? የእሳቸው እቃ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይታያል፤ የኛዎቹ መሬት ላይ በጆንያ ተነጥፎ ይሸጣል።

ወደ ጃፓን እንሂድ። ሾጂ ሃማዳ የተባለው ታዋቂ ሸክላ ሠሪ ተምሮ፣ እንግሊዝ አገር ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ በ1924 የመረጠው ማሺኮ የምትባል የገጠር መንደር ነበር። ማሺኮ የወጥ ቤት ማሰሮና የውኃ ማጠራቀሚያ የምትሠራ ተራ መንደር ነበረች። ሃማዳ የመንደሯን አፈር፣ የመንደሯን ልባስ ተጠቀመ። በእቃው ላይም ስሙን አይጽፍም ነበር፤ እቃው ራሱ ይናገር የሚል ሰው ነው። በ1955 የጃፓን መንግሥት የአገር ቅርስ የሆነ ባለሙያ ብሎ ሰየመው። እሱን ተከትለው ብዙ ሸክላ ሠሪዎች እዚያ ሠፈሩ፤ መንደሯ ዛሬም የምትታወቀው በሸክላ ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ። ሉሲ ሪ በ1902 ቪየና ተወልደው፣ ከናዚ ሸሽተው በ1938 ለንደን የገቡ ሴት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ለኑሯቸው የሸክላ ቁልፍ ለልብስ ይሠሩ ነበር። በኋላ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ግድግዳቸው ስስ የሆኑ የከተማ ገበታ ሳህኖች እየሠሩ ትልቅ ስም አተረፉ። እንግዲህ አንዱ ስሙን ያሰፍራል፣ አንዱ አያሰፍርም፤ አንዱ በእጅ፣ አንዱ በመንኮራኩር፤ አንዱ በኩበት፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም።

በአገራችንስ? ከሩቅ አንጀምር። ከአምቦ በነቀምት መንገድ ስንሄድ የምንደርስባት ነቀምት፣ ማሞ ተሰማን የወለደች ከተማ ናት። ማሞ ተሰማ አሜሪካ ሄደው በኒውዮርክ ግዛት በአልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክ ጥበብ ተምረው ተመለሱ፤ የብሔራዊ ሙዚየማችንንም በኃላፊነት አገልግለዋል። ተምሮ ወደ ሸክላ የሚመለስ ሰው ከምዕራብ ኢትዮጵያ ወጥቷል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ቀጨኔ ውስጥ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ሥራ አለ። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ከጀበናና ከድስት ጋር የጌጥ እቃና ምስል እየሠሩ ለአገር ሰውም ለእንግዳም ይሸጣሉ። ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ወለቃም የቤተ እስራኤል ሴቶች በትንንሽ የሸክላ ምስሎቻቸው ይታወቁ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራው ይጠፋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልጠፋም፤ በአካባቢው የቀሩ ሴቶች ያዙት። ሥራ የሚቀረው የሚይዘው እጅ ሲኖር ነው።

የሚይዘውን እጅ የሚያርቀው ምንድን ነው? ቢያንስ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ንቀት ነው። በምጣዷ እየበሉ ሠሪዋን በስም ማጥፋት፣ ከሰው መለየት በአገራችን የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አዋጁ ያላስቆመውን ጎረቤት ማስቆም ይችላል፤ በለቅሶም በሠርግም አብሮ በመቀመጥ፣ በስሟ በመጥራት ይጀመራል። ልጅቱ የእናቷን ሥራ ብትይዝም ብትተውም ምርጫዋ ነው፤ ነገር ግን አፍራ መተው የለባትም።

ሁለተኛው ክረምት ነው። ወደ ጣራው መጣን! የኛ አገር ክረምት ከባድ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲነካው በውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ እቃውን ያፈነዳዋል። በመሆኑም በክረምት ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው እጇ ላይ ይቀራል፤ ማገዶዋም ይርሳል፤ ገቢዋም ይቆማል። የምታወጣው ወጪ ግን፣ የልጆች ምግቡም ደብተሩም፣ አይቆምም። አንዲት ሴት ሁለት ሦስት ክረምት እንዲህ ካለፈባት ሥራውን ብትተው ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ፦ በገበያው ዳር በስምምነት በሚመረጥ ቦታ፣ በእንጨት የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መጠለያ ይሠራ። ለማድረቂያ፣ ለአፈርና ለማገዶ ማስቀመጫ ይሆናል። በበጋም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሸክላ ፀሐይ ላይ በድንገት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እሳት ግን በፍጹም በሥሩ አይነድም፤ መተኮሻው ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይሆናል።

2ኛ፦ አናጺዎቻችን የሚጥሉትን የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ በጆንያ እያጠራቀሙ ለመጠለያው ይስጡ። እቃውን አፍኖ ለማጥቆር ይረዳል፤ የጅባትን ደን ቅርንጫፍም በመጠኑ ያድናል።

3ኛ፦ አፈር የሚወጣበት ጉድጓድ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይደፈን፤ ዙሪያውም ለሕፃናትና ለከብት እንዳያሰጋ ይታጠር። ይህን የሰፈሩ ወጣቶች ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ሆነው ይሥሩት።

4ኛ፦ ስምን በእቃው ላይ ማሳረፍ ወይም አለማሳረፍ የየሠሪዋ ፈቃድ ይሁን። ላዲ ክዋሊም ሃማዳም የየራሳቸው መንገድ ነበራቸውና እኛ አንወስንላቸውም። መጠለያው እንዴት ይከፈል፣ ማን መቼ ይጠቀምበት የሚለውንም ራሳቸው ሸክላ ሠሪዎቹ ተሰብስበው ይወስኑ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ ያለው አንድ ቋሚ፣ ሚስማር ያለው ሚስማር፣ ምንም የሌለው የአንድ ቀን ጉልበት ይዞ ይምጣ። ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ ዝናቡ ቀጠሮ አይሰጠንም።

አስተያየት ያላችሁ፣ የምትቃወሙም ብትሆኑ፣ ለኮሚቴው ጸሐፊ በቃልም በጽሑፍም አቅርቡ። መዋጮ የምታመጡ ሰዎች ስማችሁና ያመጣችሁት በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወጪውም እንዲሁ።