ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? የፍለጋ አዝማሚያ መረጃና የሐረር ገበያ



የዛሬውን ንግግር በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። የድሬ ጠያራ ልጅ የሆነ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የቤተሰቡን ቡና በኢንተርኔት ለመሸጥ አስቦ አንድ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ገባ። በወረቀቱ ላይ ከጉግል ትሬንድስ የታተመ መስመር ነበር። «የሐረር ቡና» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ተፈልጎ፣ መስመሩ ከዓመት ወደ ዓመት ቁልቁል ይወርዳል። «ዶክተር፣ ሐረር የሚለውን ከማሸጊያው ላይ ላውጣውና የኢትዮጵያ ቡና ብቻ ልበለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም መስመሩን ተመልክቼ «መረጃው የሚልህን ስማ» አልኩት። ልጁ ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ሦስት ነገር ሳልጠይቅ መፍረዴ ገባኝ።

በመጀመሪያ፣ ያ መስመር የፍለጋዎችን ብዛት አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የተከፈተው ጉግል ትሬንድስ የሚሰጠን ድርሻን ነው። አንድ ቃል በተመረጠው ቦታና ጊዜ ከተደረጉት ፍለጋዎች ሁሉ ምን ያህሉን እንደያዘ ያሰላና፣ ከፍተኛውን 100 ብሎ ሌላውን በእርሱ ይመዝናል። ይህን በምሳሌ እንየው። ድሮ ከ1,000 ፍለጋ 10ሩ ስለ ሐረር ቡና ነበሩ እንበል፤ ዛሬ ደግሞ ከ100,000 ፍለጋ 200ው። ድርሻው ከመቶ አንድ ወደ ከመቶ 0.2 ወርዷል፤ መስመሩም ከ100 ወደ 20 ይወድቃል። ፈላጊው ግን ሃያ እጥፍ ሆኗል። ኢንተርኔት በፍጥነት በሚስፋፋበት አገር፣ አዲሱ ተጠቃሚ እግር ኳስና ዘፈን እየፈለገ ሲመጣ፣ የነባሩ ቃል ድርሻ መሳሳቱ አይቀርም። ዜሮም ቢሆን «ማንም አልፈለገውም» ማለት አይደለም፤ መረጃው ለስሌት አልበቃም ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ያሳፍራል። ቦታው «ኢትዮጵያ» ላይ ተቀምጦ ነበር። ቡናውን ከውጭ ሊገዛ የሚችለው ሰው ግን የሚፈልገው ከጅዳ፣ ከሃምቡርግ ወይም ከቶኪዮ ሆኖ ነው። የሐረር ሰው የሐረርን ቡና በእንግሊዝኛ ጉግል ላይ ምን ብሎ ይፈልጋል? ጎረቤቱ ዘንድ ይሄዳል እንጂ።

ሦስተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በላቲን ፊደል የከተማችንን ስም የጉዞ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በአንድ «አር» ይጽፉታል፤ የቡና ነጋዴዎች ደግሞ ደጋግመው በሁለት «አር»። ትሬንድስ በቃልነት የሰጠነውን እንደ ጻፍነው ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላውን አጻጻፍ ራሱ አይጨምርልንም። በቃላቱ መካከል የመደመር ምልክት አስገብተን ካላጣመርናቸው የገበያውን ግማሽ ሳናይ እንቀራለን። በሳዑዲ ዓረቢያ ገበያ ደግሞ የኛ ቡና የሚታወቀው «ቡን ሀረሪ» ተብሎ በዓረብኛ ነው። ይህን ቃል ተማሪዬም እኔም አልሞከርነውም ነበር። ከሐረር በር ወጥቶ ቀይ ባሕርን ለተሻገረ ነጋዴ ግን አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር፣ ኀረር፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን የተለያዩ ቃላት። የግንቡ ስም ጀጎልም ጁገልም ተብሎ ይጻፋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው በቁቤ፣ ብዙ ወጣት ደግሞ አማርኛውን ራሱን በላቲን ፊደል ይጽፋል። የከተማዋ ባለቤት ሐረሪው በቋንቋው «ጌይ» ይላታል። የፊደል ክርክር የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ የማስታወቂያ በጀትም ጉዳይ ነው።

ስሙን ከማሸጊያ ላይ ማውጣት ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ታሪክ ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ክርክሩ ከስታርባክስ ጋር አፋጠጠን፤ ስምምነት የተፈረመው በ2007 ነበር። የተሟገትነው ዋጋው ከፍሬው ብቻ ሳይሆን ከስሙም ስለሚመጣ ነው። እኔ ደግሞ አንድ መስመር አይቼ ያን ስም በአምስት ደቂቃ ልጥለው ነበር።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር ልጨምር። የገበያ ጥናት መጻሕፍት «የወቅቱን ፍለጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አነጻጽሩ» ይላሉ። በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድ ግን የሚከበረው ከዒድ አልፈጥር ቀጥሎ ከሚጾሙት ስድስት ቀናት በኋላ ነው፤ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው የዘንድሮን ማስታወቂያ በአምናው ወር ቢያወጣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ሊደርስ ይችላል። በዓሉንም አንዱ «ሹዋሊድ»፣ ሌላው «ሸዋል ዒድ» ብሎ ይፈልገዋል።

በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት እንደቆየም አትርሱ። የዚያን ክረምት መስመር የሰው ፍላጎት ብሎ የሚያነብ ተመራማሪ የሚያነበው የተዘጋ በር ነው።

ይህ የኛ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉግል ራሱ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት ከፍለጋ ቃላት እገምታለሁ ብሎ ሥራውን በ2009 በኔቸር መጽሔት አሳተመ፤ በ2012–13 ክረምት ግን በኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትን ከእጥፍ በላይ አጋንኖ ገመተ። በ2015 አገልግሎቱ ተዘጋ።

እንግዲህ ምን አደረግን? ልጁን መልሼ ጠራሁትና ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግተን ሰው ጠየቅን፤ ቡና ላኪ ዘመዶቹን፣ ጅዳ ያለች አክስቱን፣ ጀጎል ውስጥ ያገኘናቸውን ቱሪስቶች፤ «ይህን ቡና ብትፈልጉ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?» ብለን። የሰበሰብናቸውን ቃላት ቦታቸውን እየለየን በትሬንድስ አነጻጸርን፤ የወር ብዛት ግምታቸውን ደግሞ በጉግል ኪይወርድ ፕላነር አየን። በመጨረሻ በጥቂት ገንዘብ ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን አውጥቶ የትኛው ገዢ እንደሚያመጣ ራሱ ቆጠረ። ትሬንድስ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ መካከል ላይ ነው የሚገባው፤ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይደለም።

ስሙ ማሸጊያው ላይ ቀርቷል፤ በላቲንና በዓረብኛ ፊደል። በአማርኛው ግን በ«ሐ» ይሁን በ«ሀ» እኔና ተማሪዬ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ጥያቄ ያለው ካለ እቀበላለሁ።