አንድ ሲሆን ሁለት ስለሚታየው ብርሃን
(በትምህርት ቤታችን የዓመት በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



መንትያ ልጆች ጐን ለጐን ቆመው ብናይ ሁለት መሆናቸውን አንጠራጠርም። ዛሬ የምነግራችሁ ግን መንትያ መስለው ሳለ አንድ ሆነው ስለ ተገኙ የሰማይ ብርሃኖች ነው። ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1979 ዓ.ም. ዴኒስ ዎልሽ፣ ሮበርት ካርስዌልና ሬይ ዋይማን የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና፣ በኪት ፒክ ተራራ ባለው ቴሌስኮፕ ሁለት ኳዛሮችን መረመሩ። ኳዛር ማለት በሩቅ ጋላክሲ እምብርት ጋዝ ወደ ታላቅ ጥቁር ጉድጓድ ሲወድቅ ግሎ የሚያበራው ነው፤ ከርቀቱ የተነሣ ኮከብ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ሲታይ የሚኖረውን ስፋት ብቻ ያህላል። ብርሃናቸው በየቀለሙ ተበትኖ ሲመረመር የአንዱ ከሌላው አልተለየም፤ ርቀታቸውም እኩል ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አይንስታይን በ1915 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ክብደት ያለው ነገር በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ያጐብጠዋል። በእኛና በኳዛሩ መካከል አንድ ጋላክሲ ስላለ፣ ብርሃኑ በግራና በቀኝ ጐብጦ በሁለት መንገድ ይደርሰናል። ማታ ሻማ አብርታችሁ እግር ባለው የወይን ብርጭቆ ግርጌ በኩል ተመልከቱ፤ አንዱ ሻማ ሁለት ይሆንላችኋል። (ብርጭቆው ባዶ ይሁን!) ብዙም ሳይቈይ ጋላክሲው ራሱ ከአንዱ ምስል አጠገብ ደብዝዞ በፎቶግራፍ ተገኘ።

መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚል ቢኖር እውነት አለው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ለዚህ የተገኘው መልስ ነው። ሁለቱ መንገዶች እኩል አይረዝሙም፤ ስለዚህ ኳዛሩ ሲደምቅ ወይም ሲደበዝዝ ለውጡ በአንዱ ምስል ቀድሞ፣ በሌላው ዘግይቶ መታየት አለበት። በስንት ቀን? ሊቃውንቱ በዚህ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ፤ ከፊሎቹ 415 ቀን ያህል፣ ከፊሎቹ 540 ቀን ያህል ነው አሉ። በዲሴምበር 1994 ቀዳሚው ምስል በድንገት ደበዘዘ። ተመልካቾቹም ሁለተኛው መቼ እንደሚከተል ጊዜው ሳይደርስ በጽሑፍ አወጡ፤ አጭሩ ቍጥር ልክ ከሆነ በፌብሩዋሪ 1996፣ ረጅሙ ከሆነ ግን በጁን መሆን ነበረበት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር።

በፌብሩዋሪ ደበዘዘ። በጥንቃቄ ሲሰላ 417 ቀን ሆነ፤ ቢበዛ ወይም ቢያንስ በሦስት ቀን ያህል ነው። ከአንድ ኳዛር ተነሥቶ ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ ብርሃን፣ በሁለት መንገድ ሲመጣ የተለያየው በአንድ ዓመት ከሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ነው።