ዳኛዋ ሲጠይቁ



ዛሬ ጠዋት በሲያትል ሦስተኛው ጎዳና ወደሚገኘው የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት የምትገባ አንዲት ጀማሪ ጠበቃ አስቡ። የሀገራችን ልጅ ናት። ሌሊቱን ስታጠና አድራለች። ንግግሯን በቃሏ ይዛለች።

እኛ ሙግት የምንወድ ሕዝብ ነን። በበላ ልበልሃ ዘመን አንደበተ ርቱዕ ተሟጋች ችሎቱን በግጥም ያስደምም ነበር። ደስ የሚል ቅርስ ነው። እዚህ ግን ዳኛዋ አቤቱታውን አስቀድመው አንብበውታል። በኪንግ ካውንቲ አብዛኛው የፍትሐ ብሔር አቤቱታ እንዲያውም ያለ ቃል ክርክር፣ በጽሑፍ ብቻ ይወሰናል። የቃላቱ ብዛት ሳይቀር በደንቡ የተገደበ ነው።

እንግዲህ ቆሞ የመናገር ዕድል ከተገኘ ዳኛዋ የሚፈልጉት መልስ ነው።

«ደብዳቤው ለደንበኛዎ ደርሷቸዋል?» ይላሉ።

«እመጣበታለሁ፣ ክብርት ዳኛ» ማለት ያምራታል። አትበል። «አዎ፣ ደርሷቸዋል» ትበል። መጀመሪያ አዎ። ከዚያ ምክንያቱ። «የደረሳቸው ግን ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ማስረጃው ከቃለ መሐላቸው ጋር ተያይዟል።»

ጥያቄው ያቋረጣት እንዳይመስላት። ዳኛዋ የተጠራጠሩት የቱ ላይ እንደሆነ እያሳዩዋት ነው። እናንተም ዛሬ ስብሰባ የምትገቡ፣ አለቃ ፊት የምትቀርቡ፣ የጠየቃችሁን ሰው አትለፉት።

ልጃችንም ከመግባቷ በፊት በጣም የምትፈራውን አንድ ጥያቄ ትጻፍ። ጓደኛዋ ደጋግሞ ይጠይቃት። ድምጿን ከፍ አድርጋ ትመልስ። መልካም ቀን።